ክብደት መጨመር ሁሉ መወፈር አይደለም

በአማርኛ ቋንቋ ስለ ሰው አካል መክበድና መቅለል የሚነገሩት ቃላት ብዙዎች ናቸው። «ከሳ» የሚለው ቃል የሰውየው ሥጋ መጉደሉን ያመለክታል፤ ብዙውን ጊዜም ሕመም ወይም ችግር እንዳገኘው ያሳስባል። «ቀጠነ» የሚለው ግን የመልክን ነገር እንጂ የሕመምን ነገር የግድ አይናገርም። «ወፈረ» ማለት አካሉ ሥጋና ስብ ጨመረ ማለት ነው። «ክብደት ጨመረ» ማለት ግን በሚዛን ላይ የቆመ ሰው ቁጥሩ ከቀድሞው በለጠ ማለት ብቻ ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን እነዚህን ሁለቱን የኋለኞቹን ቃላት እንደ አንድ አድርገው ሲናገሩ እሰማለሁ። ይህም የእነርሱ ብቻ ልማድ አይደለም፤ አማርኛን ከእናታችን አፍ የተማርነውም እንደዚሁ እናደርጋለን። ዳሩ ግን ሁለቱ ቃላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በገዛ አካሌ ላይ ተረድቼዋለሁና፣ ለአንባብያን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። አባቴ ለብዙ ዘመን የስኳር በሽታ ነበረበት፤ በመጨረሻም በእግሩ ላይ የወጣው ቁስል አልድን ብሎ አንድ እግሩ ተቆረጠ። በሬ ጠምዶ የሚውል፣ ገበያ በእግሩ ደርሶ የሚመለስ ሰው የነበረው፣ ከዚያ ወዲያ ከደጃፍ እስከ ማጀት ለመሄድ የልጅ ትከሻ የሚፈልግ ሆነ። እኔም 51 ዓመት በሞላኝ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ብሄድ፣ በባዶ ሆዴ የተመረመረው የደሜ ስኳር 118 ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር 126 ሲደርስና በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ ይባላል። ሐኪሙም መዝገቡን ወደ እኔ አዙሮ «ገና በሩ ላይ ነዎት፤ አልገቡም፤ ከበሩ መመለስ ግን በእርስዎ እጅ ነው» አለኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቴ ደግሞ 86 ኪሎ ነበር።

ምግብ ስለ መቀነስ ብዙ ስለ ተጻፈ በዚህ ላይ አልቆይም። ከጥቅምት ወር ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም ፍጻሜ ድረስ ለስድስት ወር ያህል እንጀራዬን፣ ዘይቴንና በሻይ ውስጥ የምጨምረውን ስኳር ቀነስኩ፤ በየማታውም በእግሬ ሄድኩ። በስቅለት ሰሞን ክብደቴ 77 ኪሎ ደረሰ። የደሜም ስኳር ወደ 99 ወረደ። ሐኪሙ ተደሰተ፤ እናቴ ግን ለማየት ወደ ገጠር በሄድኩ ጊዜ ጉንጬን በሁለት እጅዋ ይዛ «ልጄ፣ ከሳህብኝ!» አለችኝ። ቋንቋውን የሚማሩ ሰዎች ይህችን «ብኝ» የምትለውን ቅጥያ ልብ ይበሉ። «ከሳህ» ብትለኝ ስለ እኔ የሚነገር ወሬ ብቻ በሆነ ነበር፤ «ከሳህብኝ» ስትለኝ ግን ጉዳቱ በእርስዋ ላይ እንደ ደረሰ መናገርዋ ነው። አባቴን በሕመም ስታስታምም የኖረች ሴት ናትና መክሳት ማለት ለእርስዋ የሞት መልእክተኛ ነው። ባለሙያዎች መልካም የሚሉት ቁጥር በእናት ዓይን ሌላ ትርጉም እንዳለው ያን ዕለት አስተዋልኩ።

እንግዲህ ጥያቄው ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። ምግብ መቀነስ እንደ ጾም ፍጻሜ አለው፤ ለዘላለም እየጎደሉ መኖር አይቻልም። ነገር ግን ጾሙ ሲያበቃ ወዴት ይመለሳል? ወደ ቀድሞው ገበታ የተመለሰ ሰው ወደ ቀድሞው ክብደት መመለሱ የታወቀ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ትልቅ ቤት ለማብራት ብዙ ላምባ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ትልቅ አካልም ብዙ ምግብ ይፈጃል፤ አካሉ ባነሰ ጊዜ ፍጆታውም ያንሳል፤ በዚያም ላይ ለረጅም ጊዜ የጎደለበት አካል ጥቂት ቆጣቢ ይሆናል። ካሎሪ የተባለው የምግብ ኀይል መለኪያ ነውና፣ በእርሱ ብናሰላው 86 ኪሎ ሳለሁ ክብደቴን እንዳለ የሚያቆየው ምግብ በግምት በቀን 2,400 ካሎሪ ነበር። 77 ኪሎ በሆንኩ ጊዜ ግን 2,150 ገደማ ይበቃኝ ነበር። ስለዚህ ከጾሙ በኋላ የሚጠብቀኝ ገበታ የቀድሞው ገበታዬ አልነበረም።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የምመገበው 1,750 ካሎሪ ያህል ነበር። ከዚህ ተነሥቼ በየሳምንቱ በቀን 100 ካሎሪ እየጨመርኩ በአራት ሳምንት 2,150 ለመድረስ ከባለቤቴ ጋር ተመካከርን። 100 ካሎሪ ማለት ብዙ አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ያህል አለው፤ አንድ እንቁላል 70 ያህል አለው። ባለቤቴ በቤታችን የወጥ ጭልፋ ለእኔ ድርሻ ስትለካ የታየች እንደ ሆነ፣ ጎረቤት «ምን ዓይነት ንፍገት ነው?» እንዳይል ብላ ከእንግዳ ፊት ሳትለካ ከማጀት ለክታ ታመጣልኝ ነበር። በፋሲካ ዕለት እንኳ የዶሮ ወጡ አልቀረብኝም፤ መጠኑ ብቻ የታወቀ ነበር።

በዳግም ትንሣኤ እሑድ ማለዳ በሚዛን ላይ ወጣሁ። ቁጥሩ 78 ኪሎ ከ200 ግራም አለ። በአንድ ሳምንት 1 ኪሎ ከ200 ግራም! ስድስት ወር ሙሉ በወር አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ ስቀንስ የኖርኩ ሰው በሰባት ቀን ይህን ያህል ሲመለስብኝ ባይ ልቤ ደነገጠ። የአባቴ ክራንች በዓይኔ መጣብኝ። በዚያች ሰዓት ሁለት ሐሳብ በፊቴ ቆመ፤ አንደኛው የጨመርኩትን ሁሉ ትቼ ወደ ጾሙ መመለስ፣ ሁለተኛው «እንግዲያውስ ድካሜ ከንቱ ነው» ብሎ ገበታውን ሁሉ መልቀቅ። ምግብ ቀንሰው የነበሩ ብዙ ሰዎች ከሁለቱ በአንዱ መንገድ ሲጠፉ አይቻለሁ። እኔ ግን ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ ነውና፣ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጤ በፊት እርሳስ አነሣሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። ስለዚህ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ስብ ለማከማቸት፣ አካሌ ከሚፈጀው በላይ 9,240 ካሎሪ መመገብ ነበረብኝ። በዚያ ሳምንት የጨመርኩት ግን በቀን 100፣ በሳምንት 700 ካሎሪ ብቻ ነው። ይህም ሁሉ ወደ ስብ ቢለወጥ እንኳ ከአንድ ኪሎ ከ11 እጅ አንዱን እጅ ነው የሚሆነው። በዚያም ላይ የምመገበው 1,850 ሲሆን የምፈጀው 2,150 ነበርና፣ ገና በመጉደል ላይ እንጂ በመትረፍ ላይ አልነበርኩም። ስለ ሆነም ሚዛኑ እውነት ተናግሯል፤ ክብደት ጨምሬአለሁ። ወፍረሃል ያለኝ ግን ሚዛኑ ሳይሆን የገዛ ፍርሃቴ ነው።

ታዲያ የጨመረው ምንድን ነው? ይህን የጠየቅኳት በነርስነት የምታገለግለውን የእኅቴን ልጅ ነው። እርስዋም እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። «ጋሼ፣ ሰውነታችን ከእንጀራና ከዳቦ የሚያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያከማቻል፤ ይህ ስንቅ ግላይኮጅን ይባላል። በጎልማሳ ሰው ውስጥ ሲሞላ 400 ወይም 500 ግራም ያህል ይሆናል። ሰው ምግብ ሲቀንስ ይህ ስንቅ ይጎድላል፤ ምግብ ሲጨምር መጀመሪያ የሚሞላው እርሱ ነው። ታዲያ ብቻውን አይቀመጥም፤ አንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው።» እርሳሴን እንደ ያዝኩ አሰላሁት። 150 ግራም ስንቅ ተመለሰ ብንል፣ ከውሃው ጋር 600 ግራም ይሆናል። «የቀረውስ?» ብላት፣ «የበዓሉ ወጥ ጨው የለውም እንዴ? ጨው ውሃ ይይዛል። ምግቡም ሲበዛ በአንጀት ውስጥ በጉዞ ላይ ያለው ይበዛል፤ ሚዛኑ እርሱንም ይመዝናል። አይፍሩት፤ ግን ይጠብቁት» አለችኝ።

ቀጥላም በሥራዋ ያየችውን ነገረችኝ፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ በልቤ ቀረ። በምግብ እጥረት እጅግ የተጎዱ ሕፃናት በሚታከሙበት በአንድ ጤና ጣቢያ ስታገለግል፣ ሕፃኑ በገባ ዕለት አጥብቆ መመገብ ክልክል ነበር። መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የተባለው ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 75 ካሎሪ ብቻ አለው፤ እርሱም ጥቂት በጥቂት፣ ሌሊትም ቀንም በሰዓቱ ይሰጣል። ሕፃኑ ሲረጋጋና የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስ ነው ወደ ኤፍ-100፣ ማለትም 100 ካሎሪ ወዳለው ወተት የሚሻገረው። ይህ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት፣ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ሌላው ማዕድን ወደ ሕዋሳት ሸሽቶ ልብን እስከ ማቆም የሚያደርስ አደጋ ይመጣል።

«ከሁሉ የሚከብደኝ ግን» አለችኝ፣ «እግራቸው ያበጠባቸው ልጆች እናቶች ነበሩ። ልጁ መዳን ሲጀምር እብጠቱ በሽንት ይወርዳልና ክብደቱ ይቀንሳል። እናቲቱ ልጅዋ በየቀኑ ሲመዘንና ቁጥሩ ሲወርድ እያየች ‹ልጄ እየሞተብኝ ነው፤ ወደ ቤቴ ልውሰደው› ትለኛለች። እኔም እግሩን በጣቴ ጫን ብዬ ‹እይ፣ እናቴ፤ ትናንት ጣቴ ይሰረጉድ ነበር፤ ዛሬ አይሰረጉድም፤ የወረደው ውሃው ነው› እላታለሁ።» ይህን በሰማሁ ጊዜ የእኔ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ከፊቴ አነሰች። ለእኔ ክብደት መጨመሩ ጉዳት መስሎ ታየኝ፤ ለዚያች እናት ክብደት መቀነሱ ሞት መስሎ ታያት፤ በሁለታችንም ዘንድ የተመዘነው ውሃ ነበር። በእርስዋ ዘንድ ግን በቁጥሩ ላይ የተንጠለጠለው የልጅ ነፍስ ነው።

የሳይንስ ሊቃውንትም ይህን ነገር በጥንቃቄ መርምረውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ አንሰል ኪስ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው አስርበው ነበር። ወጣቶቹ ሕሊናቸው ስላልፈቀደላቸው ጦር መሣሪያ ለመያዝ እንቢ ያሉ ናቸው፤ ዓላማውም በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት አድርጎ መልሶ መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ ነበር። ለ24 ሳምንት ከለመዱት ምግብ ግማሽ ገደማ ብቻ እየተሰጣቸው ክብደታቸው ሩብ ያህል ቀነሰ። ከዚያ በኋላ በቡድን ተከፍለው ለ12 ሳምንት የተለያየ መጠን ያለው ምግብ ተጨመረላቸው። ጥቂት ብቻ የተጨመረላቸው እጅግ በዝግታ አገገሙ። ገደቡ ሁሉ በተነሣላቸው ጊዜ ደግሞ ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ ራባቸው አልጠፋም፤ ስባቸው ከቀድሞው መጠን አልፎ ሲሄድ ጡንቻቸው ገና አልተመለሰም ነበር። የዚህ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ1950 በሁለት ትልልቅ ጥራዞች ታትሟል።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ምግብ በመቀነስ የተገኘ ቅጥነት የሚፈተነው በመቀነሱ ወራት ሳይሆን ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ወራት መሆኑን ነው፤ አካል የጎደለበትን አይረሳምና ከሚያስፈልገው በላይ ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ ቀስ እያሉ መጨመር ምትሃት አለመሆኑን ነው። አንዳንድ ሰዎች ጥቂት በጥቂት የጨመረ ሰው እንደ ወትሮው ቢበላም አይወፍርም ሲሉ እሰማለሁ፤ ይህ እውነት አይደለም። ከፍጆታው በላይ የበላ ሰው ቀስ ብሎም ቢጨምር፣ ፈጥኖም ቢጨምር ይወፍራል። ቀስ ማለት የሚጠቅመው የት ላይ መቆም እንደሚገባ ለማየት ጊዜ ስለሚሰጥ ነው። ሲሮጥ የሚሄድ ሰው ቤቱን አልፎ ይሄዳል፤ ዝግ ብሎ የሚራመድ ግን በሩን ያያል።

እኔም ሚዛኑን አልተውኩትም፤ አያያዜን ብቻ የእኅቴ ልጅ እንደ መከረችኝ አደረግሁ። በየማለዳው ከሽንት በኋላ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ እመዘናለሁ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሰባቱን ቁጥር ደምሬ ለ7 አካፍላለሁ። የአንዱን ቀን ቁጥር ከሌላው ቀን ጋር ሳይሆን የአንዱን ሳምንት አማካይ ከሌላው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያያለሁ። እንዲህ በማድረግ የሁለተኛው ሳምንት አማካይ 78 ከ500 ሆነ፤ ሦስተኛው 78 ከ300፤ አራተኛው 78 ከ400። 2,150 ላይ በደረስኩ ጊዜ መጨመሩን አቆምኩ። በስምንተኛው ሳምንት 78 ከ300፣ በዐሥረኛው 78 ከ500 ነበር። አንባብያን እንደሚያስተውሉት፣ ጭማሪው ሁሉ ለማለት ይቻላል የመጣው በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ እንደ በር መጋረጃ ወዲያና ወዲህ ከማለት በቀር ወደ ላይ አልወጣም። ይልቁንም ምግቡ ሲጨመር ኀይሌ ተመለሰ፤ ከሰዓት በኋላ በመዝገብ ላይ ያንቀላፋኝ የነበረው ድካም ተወኝ፤ የእግር መንገዴም ረዘመ።

የሀገራችን ሰው ይህን ሁሉ በቁጥር ባይጽፈውም በልማዱ ያውቀው ነበር። ከ55 ቀን ጾም በኋላ በብዙ ቤት ሆድን ለማለስለስ ከሥጋው በፊት የተልባ ውሃ ይጠጣል። እስላም ወንድሞቻችንም በረመዳን ጾማቸውን የሚፈቱት በቴምርና በውሃ ነው፤ ዋናው ማዕድ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከሕመም የተነሣን ሰው «አገገመ» እንላለን እንጂ በአንድ ጊዜ «ዳነ» አንልም፤ ማገገም በደረጃ የሚሄድ ነገር መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። የሚያሳዝነው ግን ተልባው የሚጠጣው ለአንድ ማለዳ ሲሆን፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀኖች ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምባቸው በመሆናቸው፣ ብዙዎቻችን በእነርሱ ውስጥ መጠንን መርሳታችን ነው።

ምግብ ቀንሰው ወደ መጨመር ለሚመለሱ አንባብያን የምመክረው አጭር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ቢጨምር አይደንግጡ፤ ከሦስተኛውና ከአራተኛው ሳምንት በኋላም አማካዩ በየሳምንቱ እየወጣ የሚሄድ ከሆነ ግን ያን ጊዜ እውነተኛ ውፍረት ነውና መጨመሩን ያቁሙ። የሚጨምሩትንም ከስኳርና ከዘይት ይልቅ ከእንቁላል፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን ያድርጉት። ለብዙ ቀን ምንም ሳይቀምስ የሰነበተ፣ ወይም በሕመም እጅግ የከሳ፣ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን በቤቱ አይሞክረው፤ ከሐኪም ጋር ያድርገው።

አሁን ዓመት ሊሞላኝ ነው። ክብደቴ 79 ኪሎ፣ የደሜ ስኳር 97 ነው። እናቴ ባለፈው ሰሞን ስታየኝ «አሁን ሰው መሰልክ፤ ወፈርክልኝ» አለችኝ። ሒሳቡን ላስረዳት አልሞከርኩም፤ «ብኝ» የነበረው ቅጥያ «ልኝ» ሆኖ መስማቴ በቃኝ።